ጉድጓዱን እኛው እንቆፍር

የቡሬ ሰው! የፍኖተ ሰላም ሰው! የወንበርማ፣ የጃቢ ጠህናን፣ የደምበጫ ሰው! ወገኔ፣ የያዝከውን ሥራ ለአፍታ አስቀምጥና ስማኝ።

ባለፈው ክረምት በአህያ ጭነህ ወደ ቤትህ ያስገባኸውን የዩሪያ ከረጢት አስታውስ። እፍኝህን ሞልተህ በበቆሎው ሥር የጨመርከው ያ ነጭ ፍሬ ከምን እንደተሠራ ታውቃለህ? ከጋዝ ነው። ጋዝ ስል ለኩራዝ የምንገዛውን ነጭ ጋዝ ማለቴ አይደለም፤ ከመሬት ሆድ የሚወጣውን፣ በዓይን የማይታየውን፣ እሳት ሲነካው በሰማያዊ ነበልባል የሚነደውን የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ፋብሪካ ገብቶ በውስጡ ያለው ሃይድሮጅን ከአየሩ ናይትሮጅን ጋር ይዋሃዳል፤ አሞንያ ይሆናል፤ አሞንያው ዩሪያ ይሆናል። ከዚያ በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፤ በከባድ መኪና ተራራና ሸለቆ አቋርጦ እኛ ዘንድ ይራገፋል።

እንግዲህ የቡሬ በቆሎ ጋዝ በላተኛ ነው። በዓለም ገበያ ጋዝ ሲወደድ የእኛ ሌማት ይሳሳል። የዩክሬን ጦርነት የተጀመረ ጊዜ ይህንን በኪሳችን አየነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ በክልላችን ያለ ገበሬ ዘሩ በእጁ፣ ዝናቡ በደጁ ሆኖ ማዳበሪያ አጣሁ ብሎ አደባባይ ወጣ። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ የዋጋው ነገር ይቅርና ከረጢቱ ራሱ አይደርስም። ይህንን እኔ ልንገርህ? አንተው ታውቀዋለህ።

በዚህ ላይ አንድ የምሥራች አለ፤ አልደብቅህም። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የካሉብ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። በዚያው ቀን በጎዴ ለማዳበሪያ ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ ጋር በ2.5 ቢሊዮን ዶላር የሚሠራ ነው፤ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ እንዲያመርት ታቅዷል። ደስ ይበልህ፤ የአገር ነገር ነው። የአገሬ ጋዝ የአገሬን በቆሎ ሲያበቅል ለማየት እኔም እጓጓለሁ።

ግን ቆይ። ከደስታው ጋር አንድ ሰው እንዲታሰበን እፈልጋለሁ። በሽላቦ ወረዳ፣ በካሉብ አካባቢ ግመሉን የሚያሰማራው አርብቶ አደር።

የካሉብን ጋዝ ቴኔኮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ካገኘው ከ50 ዓመት በላይ ሆኗል፤ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ነበር። ከዚያ ሶቪየቶች መጡ፣ ቻይናዎች መጡ። ያ አርብቶ አደር ግን ልጅ ሆኖ፣ ጎልምሶ፣ አርጅቶ በዚያ ሀብት ላይ በእንጨት እሳት ሻይውን አፈላ። በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. አቦሌ በተባለው የነዳጅ ፍለጋ ካምፕ ላይ በተፈጸመ ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ሕይወታቸውን አጡ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በአካባቢው ሰው ታመመ የሚል ወሬ በዓለም ጋዜጦች ወጣ፤ ነዋሪው ውሃችን ተበከለ አለ፣ መንግሥት አስተባበለ። ሰው የሚጠጣውን ውሃ እየተጠራጠረ መኖሩ ራሱ ጉዳት ነው። እናት ለልጇ ጣሳ ስታቀርብ እጇ ከተንቀጠቀጠ፣ ጉዳቱ ያን ጊዜ ደርሷል።

ይህ የሶማሌ ክልል ጣጣ ብቻ እንዳይመስልህ። ከጎጃም ወደ ሸዋ ስትሻገር፣ ከደጀን ቁልቁል ወርደህ የአባይ ድልድይ ስትደርስ ከሥር ያለውን ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ አስተውለኸዋል? የሥነ ምድር ሰዎች የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይሉታል። በካሉብ ጋዝ የተሸከመው አንዱ ድንጋይ ይኸው ነው። ወሎ ውስጥ ወረ ኢሉ ላይ ዘይት ከመሬት እየተንጠባጠበ ሲወጣ ታይቷል። የአባይ ተፋሰስ የነዳጅ ፈላጊዎች ዓይን ያረፈበት አገር ነው። አንድ ቀን መሣሪያ የጫነ መኪና በእኛም ቀበሌ በኩል ሊያልፍ ይችላል። ያን ቀን ተኝተን እንዳንገኝ።

በሌላው ዓለም የሆነውን እወቅ። ጋዙ በጠጣር ድንጋይ ውስጥ ተቆልፎ ሲገኝ ፍራኪንግ የሚባል መላ አለ። ጉድጓዱን ሺህ ሜትሮች ወደ ታች ይቆፍሩና ወደ ጎን ያጥፉታል፤ ውሃ፣ አሸዋና ኬሚካል በኃይለኛ ግፊት ይሰዱበታል። ድንጋዩ ይሰነጠቃል፣ አሸዋው ስንጥቁን ከፍቶ ይይዘዋል፣ ጋዙ ይወጣል። አንዱ ጉድጓድ ብቻ በሚሊዮን የሚቆጠር ሊትር ውሃ ይጠጣል። ጥቅም የለውም አልልህም። አሜሪካ ውስጥ በፔንሲልቬንያ መሬቱን ለቁፋሮ የፈቀደ ገበሬ ከሚወጣው ጋዝ ቢያንስ ከስምንት አንዱ እጅ እንዲከፈለው ሕጉ ያዛል። በዚያ ገንዘብ ዕዳውን የከፈለ፣ ጎተራውን ያደሰ ገበሬ አለ። በዚያው በፔንሲልቬንያ ደግሞ ዲሞክ በምትባል ትንሽ የገጠር ቀበሌ የመጠጥ ውሃው ውስጥ ሚቴን ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ ዓመት ዕለት አንድ የውሃ ጉድጓድ ፈነዳ። በኦክላሆማ ከዘይትና ከጋዝ ጋር የወጣውን ቆሻሻ ውሃ መልሰው ወደ ጥልቅ መሬት ሲከቱት ምድር መንቀጥቀጥ አበዛች፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ፖኒ የተባለች ከተማን የመታው መንቀጥቀጥ መጠኑ 5.8 ደረሰ። ፍራኪንግን ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከለከለች፤ የኒውዮርክ ግዛት በ2014 እንቢ አለች፤ እንግሊዝ በ2019 አስቆመች።

አሁን ልብ በል። የፔንሲልቬንያው ገበሬ ከመሬቱ ሥር ያለው ጋዝ የራሱ ሊሆን ይችላል። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትንም የተፈጥሮ ሀብትንም የመንግሥትና የሕዝብ አድርጓል። ስለዚህ ከጥልቁ ጉድጓድ የሚገኘው ጥቅም ወደ ገበሬው የሚመጣው ዞሮ ዞሮ፣ በብዙ እጅ አልፎ ነው። ጉዳቱ ግን አይዞርም። በቀጥታ ወደ ምንጩ ይገባል።

መብታችንንም እንወቅ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 በቀጥታ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ ሕዝብ ሐሳቡን የመስጠት፣ የመመካከር መብት አለው ይላል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሥራው ሳይጀመር ጉዳቱ እንዲጠና ያዛል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ለልጅህ አስጠናው፤ በደብተሩ ጀርባ ይጻፈው። ሕጎቹ የሚሠሩት ለነዳጅ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለልጆቻችን ሥራ፣ ለምርታችን ገበያ ይሁን ብለን ተስፋ ያደረግንበት ነው፤ ፋብሪካ በበዛ ቁጥር ፍሳሹ ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚለካው መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው። ጠይቅ! ስብሰባ ሲጠራ ሂድ፤ ሄደህ ደግሞ ዝም ብለህ አትመለስ።

እስካሁን ያልኩህ ሌሎች ስለሚቆፍሩት ጉድጓድ ነው። የመጣሁበት ጉዳይ ግን እኛ ስለምንቆፍረው ነው።

ወገኔ፣ ጋዝ በበረትህ አለ!

ከካሉብ የሚወጣው ጋዝ አብዛኛው ሚቴን ነው። ከላሞችህ እበትም የሚወጣው ያው ሚቴን ነው። እበትና ውሃ እኩል ለእኩል በጥብጠህ አየር በማይገባበት የድንጋይና የሲሚንቶ ጉድጓድ ውስጥ ብትጨምረው፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ያብላሉታል፤ ጋዙ በጉልላቱ ሥር ይጠራቀማል፤ በቧንቧ እየተሳበ ምድጃህ ድረስ ይመጣል። ለዚህ ሺህ ሜትር አትቆፍርም። ከሰው ቁመት ትንሽ የሚበልጥ ጉድጓድ ይበቃል። ድንጋይ አትሰነጥቅም፣ የማንንም ምንጭ አትነካም፣ የማንንም ፈቃድ ከባሕር ማዶ አትጠብቅም።

4 ከብት ያለው ቤት 6 ሜትር ኩብ የሚይዝ ጉድጓድ መመገብ ይችላል። የዕለቱ እበት ምድጃውን ከ2 እስከ 3 ሰዓት ያነደዋል። ወጡ ይሠራል፣ ሽሮው ይንተከተካል፣ ቡናው ይፈላል። ጭስ የለም!

ስለ ጭሱ ትንሽ ልቆይ፤ ሳልናገረው ማለፍ አልችልም። እናቶቻችን በየማጀቱ ዓይናቸውን እያሹ አረጁ። ኩበቱ ሲጨስ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠሉ ሲንጣጣ፣ የበቆሎ አገዳው ብልጭ ብሎ ሲጠፋ፣ ጎንበስ ብለው እፍ ሲሉ ስንት ዓመት ሆናቸው? ጀርባቸው ላይ ያዘሉት ሕፃንም ያንኑ ጭስ ይምጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል፤ ከ230 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው 5 ዓመት ያልሞላ ሕፃናት ናቸው። ሕፃኑን ያሳለው ብርድ ብቻ ነው እያልን ስንት ዓመት እንኖራለን? ሚስትህ ስታስል ስማት። እናትህ ዓይኗን ስትጠርግ ተመልከታት።

ሁለተኛው ትርፍ ደግሞ ከጉድጓዱ ማዶ ይወጣል። ጋዙን የሰጠው እበት አመድ አይሆንም፤ ቀጠን ብሎ፣ ጠቁሮ፣ ሽታው ረግቦ ይወጣል። ባለሙያዎች ባዮስለሪ የሚሉት ይህ ዝቃጭ ማዳበሪያ ነው። እበቱን ኩበት አድርገን ስናነደው የምናቃጥለው የማሳችንን ቀለብ ነው። የምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር በአሲድ ተጎድቶ ኖራ ጨምሩበት እየተባልን ነው። ዩሪያ ብቻውን ዓመት ከዓመት ሲደጋገም አሲዱን ያብሰዋል፤ ፍግ ግን አፈሩን ያለዝበዋል፣ ውሃ ያስይዘዋል። ዩሪያን ጨርሶ ያስቀርልሃል አልልህም፤ በቆሎ ብዙ ይበላል። ነገር ግን መንገድ በተዘጋ ጊዜ፣ ዋጋ በናረ ጊዜ፣ የጓሮ በርበሬህንና አንድ ገመድ በቆሎህን የሚያድን ነገር በደጅህ አለ። እሱ መርከብም መኪናም አይጠብቅም።

አዲስ ነገር አመጣብን አትበለኝ። በአገራችን የመጀመሪያው የባዮጋዝ ጉድጓድ በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት የተሠራው በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በ2001 ዓ.ም. ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ሲጀመር አማራ ክልል ከአራቱ ክልሎች አንዱ ነበር። ከኔፓል ተወስዶ ለአገራችን እንዲስማማ የተሻሻለው ንድፍ ስሙ እንኳ ስንዱ ነው። ኔፓል እንደ እኛ ተራራማ፣ እንደ እኛ ገበሬ የሚበዛባት አገር ናት፤ ከ300 ሺህ በላይ ጉድጓድ ሠርታለች። የእኛ ፕሮግራም በመጀመሪያው ዙር 14 ሺህ አቅዶ የሠራው ከ8 ሺህ ብዙም አይበልጥም። ከተሠሩትም ብዙዎቹ ዛሬ ደርቀው ቆመዋል።

ለምን ቆሙ? እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ግንበኛው ሠርቶ ሄደ፤ ቧንቧው ሲፈስ ማን ይጠግነው? የምድጃዋ ቁልፍ ተሰበረች፤ መለወጫዋ ባሕር ዳር ነው ተባለ። ከብቱ ተሸጠ። ውሃው ራቀ። እበት ማቡካቱ በሴቲቱ ላይ ሌላ ሸክም ሆነ። አንዳንዱ ደግሞ እንጀራ ካልጋገረልኝ ምን ያደርግልኛል ብሎ ተወው፤ እውነት ነው፣ ምጣዱን ለማጋል ይህ ምድጃ ገና አቅም ያንሰዋል፤ እንጀራው ለጊዜው በቆጣቢ ምድጃ ይጋገር። የቀሩት ምክንያቶች ሁሉ ግን አንድ ሥር አላቸው። እያንዳንዱ ቤት ብቻውን ሠራ፣ ሲበላሽም ብቻውን ቀረ።

እኛ ጎጃሞች ብቻችንን አናጭድም። ለአጨዳ ወንፈል አለን፤ ለቤት ሥራ ደቦ አለን፤ ለሞት እድር አለን፤ ለችግር እቁብ አለን። ታዲያ ለማጀታችን ምን ነካን? ጎረቤትህ ጤፉን ብቻውን ሲያጭድ ብታየው ማጭድህን ይዘህ ትሄድ የለም እንዴ?

ስለዚህ በወንፈል እንሥራው! አሥር ቤት ሁኑ። አሥር ቤት ሆናችሁ አንዱን ጉድጓድ ዛሬ፣ ሁለተኛውን በሳምንቱ፣ ሦስተኛውን በሁለተኛው ሳምንት ቆፍሩ። ድንጋዩን ከወንዝ አብራችሁ አጓጉዙ፤ አሸዋውን አብራችሁ ንፉ። ሲሚንቶ፣ ቧንቧና ግንበኛ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ለዚህ እቁብ ጣሉ፤ ካልበቃ አሥራችሁ በአንድ ስም ሆናችሁ የብድር ተቋም በር አንኳኩ፤ አንድ ሰው ሲያንኳኳና አሥር ሰው ሲያንኳኳ ድምፁ አንድ አይደለም። የወረዳውን ውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ጥሩት። ካልመጣ ተመልሳችሁ ሂዱ። አሁንም ካልመጣ አሁንም ሂዱ!

አንተ ወጣት፣ አሥረኛን ጨርሰህ ሥራ አጣሁ ብለህ በፌርማታ የቆምክ፣ ወደ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሂድና ይህን ግንባታ ተማር። አሥር ቤት አንድ ጠጋኝ ይፈልጋል፤ መቶ ቤት አሥር ጠጋኝ ይፈልጋል። ቁልፉን፣ ቧንቧውን፣ የምድጃውን መለወጫ በሱቅህ አስቀምጥ። ይህ እንጀራህ ነው።

አንቺ እህቴ፣ የምድጃው ባለቤት አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ ጉድጓዱ የት ይቆፈር፣ ምድጃው በየት በኩል ይቀመጥ ሲባል ዝም አትበይ። እበት ማቡካቱ የአንቺ ብቻ ሥራ እንዳይሆን ከመጀመሪያው ቀን አስፈርሚያቸው። ወንዱም ያቡካ፤ ዶማ የያዘ እጅ እበት ቢነካ አይረክስም።

እርስዎ አባቴ፣ የእድሩ ዳኛ፣ የሰንበቴው ሙሴ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ቃልዎ ይሰማል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ሁለት ቃል ይናገሩልን። ሽንት ቤት ከዚህ ጉድጓድ ጋር ይገናኛል ሲባል የሚጸየፍ አለ፤ መጸየፉ አይገርምም። ለእሱ እበት ብቻ ይበቃል ይበሉት፤ በዚህ ምክንያት ጎረቤቱን እንዳያስቀር ይምከሩት።

በአዲስ አበባ ያለህ፣ በውጭ አገር ያለህ የአገሬ ልጅ፣ ለእናትህ የበዓል ገንዘብ ስትልክላት አንድ ጊዜ ሲሚንቶና ቧንቧ ላክላት። ስልክ ስትደውል ማሳሏን አለማሳሏን ጠይቃት።

ጥንቃቄም አለው፤ እሳት ነውና አንዘናጋ። ጋዙ ከፈሰሰ ይነዳል፤ ተጠራቅሞም ያፍናል። ማንም ሰው፣ ማንም፣ ለጥገና ብሎ ወደ ጉድጓዱ እንዳይገባ፤ ውስጡ አየር የለም። ቧንቧው ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡት፤ አረፋው ከፈላ ፈሷል ማለት ነው። ክብሪት ጭራችሁ አትሞክሩት። ሳይነድ ወደ ሰማይ የሚያመልጥ ሚቴን በ20 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል፤ ስለዚህ የተሠራው ጉድጓድ ይነድ፣ የፈሰሰው በዕለቱ ይጠገን።

ጊዜው ከባድ ነው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም የምለፈልፈው። ብዙ ቤት ሐዘን አለ፤ ብዙ መንገድ ሰላም አጥቷል። ግን ላሟ በጦርነትም ጊዜ ትበላለች፤ ሕፃኑም በጦርነት ጊዜ ጭስ ይምጋል። ሌላውን እስኪያልፍ እንጠብቅ ይሆናል፤ ይህኛው መጠበቅ የለበትም።

ወራቱን ተመልከት። መኸሩ ሲገባ፣ ጥምቀት ሲያልፍ መሬቱ ደረቅ፣ ሰማዩ ብራ ይሆናል። ከጥር እስከ ሚያዝያ መቆፈር፣ መገንባት፣ ማድረቅ ይቻላል። ሰኔ ሲገባ ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል፣ ገበሬውም ወደ ሞፈሩ ይሄዳል። የሚቀረን ይህ በጋ ነው። ይህን በጋ ካሳለፍነው ሌላ አንድ ዓመት ኩበት እናነዳለን፣ ሌላ አንድ ዓመት ከረጢት እንጠብቃለን።

የካሉብም ጋዝ ይውጣ፤ ጎዴም ያምርት። የሽላቦው አርብቶ አደር ንጹሕ ውሃ እንዲጠጣ፣ ልጁ በዚያ ፋብሪካ እንዲቀጠር ድምፃችንን ከድምፁ ጋር እናሰማ፤ ከእሱ ሥር የሚወጣው ጋዝ የእኛን በቆሎ ይቀልባልና። በደጃችን ያለውን ግን ማንም አይቆፍርልንም።

እሑድ በእድራችሁ ተነጋገሩ። አሥር ቤት ጻፉ። በሰፈራችሁ ከብት እያላት ጉልበት ያጣች፣ ባሏ የሞተባት እናት አለች፤ ስሟን ከሁሉ በፊት ጻፉት። ማክሰኞ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ዶማህንና አካፋህን ይዘህ ከቤቷ ጓሮ እንገናኝ። የመጀመሪያው ጉድጓድ የእሷ ይሁን።